«ካንደር» አጠገብ የጻፍኩት

ዛሬ ማታ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» በእንግሊዝኛ አንብቤ ጨረስኩ። 61 ምዕራፍ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን። መጽሐፉን ዘግቼ ካስቀመጥኩ በኋላ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ የቃላት ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማገላበጥ ያዝኩ። የፊተኞቹ ገጾችና የኋለኞቹ የአንድ ሰው ጽሑፍ አይመስሉም። በመካከል የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ስጀምር የፈለግኩት ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ማወቅ ነበር። ዜና አነባለሁ፣ ኢሜይል እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳቤን እገልጻለሁ፤ ይሁን እንጂ ለዓመታት በእነዚያው ባሉኝ ጥቂት ቃላት ዙሪያ ስሽከረከር ኖሬአለሁ። ሰው ሲከፋው በአማርኛ ቢሆን ቅር አለው፣ ሆድ ባሰው፣ አንጀቱ አረረ፣ ቅስሙ ተሰበረ ብዬ መርጬ እናገራለሁ። በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም «ሳድ» ነው። ምርጫ ስለሌለኝ የተሰማኝን ትቼ የቻልኩትን እናገራለሁ። ይህ ነገር ለሰው ከምገልጸው በላይ ያሳዝነኝ ነበር።

ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በጣም አጭር ነው፤ ሚስተርና ሚሲስ ቤኔት የሚባሉ ባልና ሚስት ስለ አዲስ ጎረቤት ይነጋገራሉ፣ በቃ። ከእሱ ብቻ 31 ቃል አወጣሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መዝገበ ቃላት፤ ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ መዝገበ ቃላት። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ ከ400 በላይ ቃላት ሰፍረው ነበር፤ እኔ ግን ሚስተር ቤኔት ሚስቱን ሲያሾፍባት እንኳ አልታወቀኝም። ቃሉን ስለቅም ሰዎቹ አለፉኝ።

በዚያ ሰሞን ነው ፖል ኔሽን የሚባለው የኒው ዚላንድ ምሁር ስለ ቃላት ትምህርት የጻፈውን ያገኘሁት። አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በቅጡ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ለልብ ወለድና ለጋዜጣ ንባብ ደግሞ ይህ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ቆጥሮ) ማወቅ እንደሚጠይቅ ይላል። እኔ ከዚያ በብዙ እንደምርቅ አውቄው ነበር፤ ቁጥሩን ሳየው ግን ድካሜ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የማላውቀውን ሁሉ ላሳድድ ካልኩ መጽሐፉ መጽሐፍ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ምዕራፍ ሦስት ቃል ብቻ እንድይዝ ለራሴ ወሰንኩ። በቀኙ ዓምድ ላይም ትርጉሙን መጻፍ ትቼ ማን፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደተናገረው መጻፍ ጀመርኩ።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የያዝኩት ቃል «ቶለረብል» ነው። ምዕራፍ 3 ላይ በጭፈራው አዳራሽ ጓደኛው ቢንግሊ «እዚያ የተቀመጠችውን ለምን አትጋብዛትም» ሲለው፣ ባለጸጋው ሚስተር ዳርሲ የቤኔትን ሁለተኛ ልጅ ኤልዛቤትን ገልመጥ አድርጎ የሚናገራት ቃል ናት። ልጅቷ ትሰማለች። መዝገበ ቃላቴ «ሊታገሡት የሚቻል» ይላል፤ እኔም ሙቀት ወይም ሕመም መሰለኝ። ቀኙ ዓምድ ላይ «ዳርሲ፣ ለጓደኛው፣ መደነስ ስላልፈለገ፣ እየሰማች» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግን ቃሉ በገዛ አፌ መጣልኝ፤ «ምንም አትልም» ነው ያላት! እንዲህ ተብላ የምታውቅ ሴት ሁሉ ምን ያህል እንደሚያም ታውቀዋለች። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። ቃሉ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም፤ ከነዚያ 400 ቃላት ግን ዛሬ ስንቱን እንደማስታውስ ለመቁጠር ስሞክር ሠላሳ እንኳ አልሞላልኝም።

«ኢንቴይል» ሌላ ዓይነት ነበረች። በዛሬው እንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ «ማስከተል» ማለት ናት። ስለ ሚስተር ቤኔት ርስት ሲነገር «ማስከተል» ብዬ ብገባ ዓረፍተ ነገሩ እንቢ አለኝ። ነገሩ ሕግ ነው። ርስቱ በዘር ሐረግ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ ታስሯል፤ አምስት ሴት ልጆች ያሉት አባት ሲሞት ቤቱ ለሩቅ ዘመዱ ለሚስተር ኮሊንስ ይገባል። ይህን ሳላውቅ ሚሲስ ቤኔትን ልጆቿን ለመዳር የምትሯሯጥ ቀላል ሴት አድርጌ ነበር የያዝኳት። አንዲቱ ቃል ስትገባኝ ሴትየዋ ላይ የነበረኝ ፍርድ ተለወጠ። ባሏ ከሞተ ልጆቿን ይዛ የት ትገባለች? ጩኸቷ አሁንም ይደክመኛል፤ ፍርሃቷን ግን አከብረዋለሁ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ።

ሚስተር ኮሊንስ ቄስ ነው። ሌዲ ካትሪን የምትባል ባለጸጋ የደብሩን ሥራ ሰጥታዋለች፤ እሱም ስሟን ሳያነሳ ውሎ አያድርም። ምዕራፍ 14 ላይ ለቤኔት ቤተሰብ ሲተርክ «ኮንዴሰንሽን»ዋን ያወድሳል። ሁለት ጊዜ ቤቷ ጋብዛዋለች፣ እንዲያገባ መክራዋለች፣ ፎቅ ላይ ባሉት ቁም ሳጥኖች ውስጥ መደርደሪያ እንዲሠራ እንኳ ሐሳብ ሰጥታዋለች። አዲሱ ዘዴዬ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ ከአገባቡ መገመት ስለነበር ገመትኩ። ትልቅ ሰው ሆኖ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ ከትንሽ ጋር ትንሽ መሆን። በአማርኛ «ዝቅ ብሎ አስተናገደኝ» የሚባል ምስጋና አለና ቃሉ ወዲያው ተዋሐደኝ። ደስ አለኝ። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእንግሊዝኛ የምጽፋቸውን ጽሑፎች ለሚያርሙልኝ መምህር የምስጋና ኢሜይል ጻፍኩ። ብዙ የጻፉና የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እንደኔ ላለ ጀማሪ ያን ያህል ጊዜ መስጠታቸው ልቤን ነክቶታል። ስለ ትዕግሥትዎና ስለ «ኮንዴሰንሽን»ዎ ከልብ አመሰግናለሁ አልኳቸው። ቃሉን እንደ ጌጥ ነበር የሰካሁት።

መልሳቸው በማግስቱ መጣ። አራት መስመር ብቻ ነው። ምስጋናዬን ተቀብለው፣ ቀጥለው ግን በእርማቶቻቸው ውስጥ ሳያውቁ ያስቀየሙኝ ነገር ካለ በግልጽ እንድነግራቸው፣ የበላይነት የተሰማቸው መስሎ ከታየኝም ይቅርታ እንደሚጠይቁ ጻፉ። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ ሰውን ከበታች አይቶ ማነጋገር፣ ንቀት። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። የሚወዱኝን ሰው «ስለ ንቀትዎ አመሰግናለሁ» ብያለሁ ማለት ነው።

የገባሁበትን ሳጣራ ነው ሌላው የተገለጠልኝ፤ ግምቴ ስሕተት አልነበረም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉ በፈቃድ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ ከበላይነት ወርዶ ከበታች ሰው ጋር በእኩልነት መሆን ተብሎ ተፈትቷል። የኦስተን መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። ሚስተር ኮሊንስ የሚያወድሰው ያንኑ በጎ ትርጉም ይዞ ነው። እኔ የሁለት መቶ ዓመት አሮጌ ምስጋና ነው የላክሁት።

ቃሉ እንዴት ከምስጋና ወደ ነቀፋ እንደተሻገረ ብዙ አሰብኩበት። መልሱን ያገኘሁ የመሰለኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ምዕራፍ 29 ላይ ሌዲ ካትሪን ራሷ ትታያለች፤ ኤልዛቤትን ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ እህቶቿ ፒያኖ ይችሉ እንደሆነ፣ ለምን ሞግዚት እንዳልተቀጠረላቸው እንደ መርማሪ ትጠይቃታለች። ወርዳለች፤ ግን መውረዷን እያንዳንዱ ሰው እንዲያውቅላት ትፈልጋለች። በእኔ አስተያየት ቃሉን ያበላሹት እንደሷ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከላይ መሆኑን ያልረሳ ሰው ዝቅ ሲል የታች ሰው ይታወቀዋል።

ለመምህሬ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ስለ ሚስተር ኮሊንስ፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ 1755። በዚያው ሳምንት ከመጽሐፉ ያወጣኋት ቃል «ሞርቲፊኬሽን» ነበረች። ሥሯ በላቲን ሞት ነው። ኤልዛቤት፣ ዳርሲ የእሷን ኩራት ባያቆስል ኖሮ የእሱን ኩራት ይቅር ልትለው እንደምትችል የምትናገርበት ግሥ የዚህችው ቃል ነው። ትርጉም መፈለግ አላስፈለገኝም። እኛም «አፍሬ ሞትኩ» እንላለን፤ ኢሜይሉን ካነበብኩበት ደቂቃ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ምዕራፍ 36ን ነው፤ ስለ ንባብ የሚናገር ምዕራፍ ስለሆነ። ኤልዛቤት የዳርሲን የጋብቻ ጥያቄ እንቢ ካለች በኋላ ደብዳቤውን ትቀበላለች። መጀመሪያ የምታነበው ተናዳ ነው፤ እየዘለለች፣ የሚቀጥለውን ለማየት እየቸኮለች፣ በእጇ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሳትረዳ። ደብዳቤውን ታጥፈዋለች፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ትዘረጋዋለች። አሁን ራሷን ገትታ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ትመዝናለች። እዚያ ነው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሷን እንደማታውቅ የምትረዳው። ያሳታት ፍቅር ሳይሆን «ቫኒቲ» እንደሆነ ትናገራለች። ቃሉ ሥሩ ባዶነት ነው፤ «የከንቱ ከንቱ» የሚለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው በዚሁ ቃል ነው። ውዳሴ ከንቱ! ዳርሲ በደለኝ ብሎ ያወራላት መኮንን ዊካም አሞገሳት፣ ዳርሲ «ምንም አትልም» አላት፤ ፍርዷ በዚህ ተዛባ። ይህን ቃል ሳላውቀው በራሴ ቋንቋ ይዤው ኖሬአለሁ።

ያን ምዕራፍ እንደጨረስኩ እኔም መለስ ብዬ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። ሀብት ያለው ላጤ ሚስት «ዎንት» እንደሚያደርግ ሁሉም የሚቀበለው እውነት ነው ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ቃል ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «መፈለግ» መሆኑን አውቃለሁና። እዚህ ግን መጉደል ነው፤ ማጣት። ሰውየው ፈለገም አልፈለገም ሚስት ጎድላዋለች ብለው የወሰኑለት በዙሪያው ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። የማላውቃቸውን 31 ቃላት ስለቅም አውቃለሁ ያልኩት ቃል መጽሐፉን ሁሉ ይዞ አመለጠኝ።

አንድ ቃል ቀርቶኛል። ምዕራፍ 4 ላይ ኤልዛቤት ታላቅ እህቷን ጄንን «ካንዲድ» ናት ትላታለች። ዛሬ «ካንደር» ማለት ፊት ለፊት መናገር ነው። በዚያ ዘመን ግን የሰውን በጎ ጎን መያዝ፣ ክፉውን አለማውራት፣ ለመፍረድ አለመቸኮል ነበር። ጄን እንዲያ ናት፤ ሁሉም ዳርሲን ሲያወግዝ እሷ «እኛ የማናውቀው ነገር ይኖራል» ትላለች። በአማርኛው ብዙ አሰብኩ። ቸርነት አልኩ፣ የዋህነት አልኩ፣ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «ቅን» የሚለው መጣልኝ። ሐሰት የሌለበትም ቅን ነው፤ ነገርን በበጎ የሚተረጉምም ቅን ነው። እንግሊዝኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የእኛው ቃል ሁለቱን ይዞ ቀርቷል። በጣም ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ አልኩት።

ደብተሬ ላይ ከ«ካንደር» አጠገብ ያለው ቀኝ ዓምድ እስከ ዛሬ ማታ ባዶ ነበር። የመምህሬን ባለ አራት መስመር ኢሜይል እንደገና ከፈትኩ። ንቀትዎን አመሰግናለሁ ያላቸውን ሰው «ያስቀየምኩህ ነገር አለ ወይ» ብለው ነው የጠየቁት። ያን ጥያቄያቸውን ቃል በቃል ገለበጥኩና ቀኑን ጻፍኩበት።