«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

የደሴ ብርድ አይጣል ነው። ቶሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ሳል ማለት ብርድ ማለት ነው። እማ ሳል ሲጀምራት እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ዳማከሴ አሸንላት። ዝንጅብል በማር አፍልታ ጠጣች። አልተሻላትም። ፋርማሲ ሄድኩ።

ብቻዬን መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ለሳል የሚሆን ስጠኝ» አልኩት። ልጁ ለማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ሽሮፕ አወጣ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ ግን አለ። ሌላ ፋርማሲ ገባሁና «ጠንከር ያለ የለም ወይ?» አልኩ። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ። አንቲባዮቲክ እንዲህ እንደማይሸጥ አውቃለሁ። እነሱም ያውቃሉ። እነሱ ሸጡ፣ እኔ ገዛሁ፣ እናቴ ያለ ጥቅም ዋጠችው።

እማ ትኩሳት የላትም፣ አክታ የላትም። ጉሮሮዋን የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ብቻ። ሌሊት ተነስታ ትቀመጣለች። ሰላት ላይ ቆማ ፋቲሃውን ሳትጨርስ ያቋርጣታል። ከሁሉ በላይ ያስከፋት ይሄ ነበር። ቲቢም ተመረመረች፤ ነፃ ናት ተባለ። ነፃ ከሆነች ታዲያ ምንድን ነው? ያን የጠየቀልን የለም። ሁለት ወር ሞላን።

በመጨረሻ እሷኑ ይዤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለ ፋርማሲ ገባሁ። ባንኮኒው ጋ የነበረችው ፋርማሲስት እኔን ትታ ወደ እማ ዞረች።

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እማ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው ውስጥ የግፊት ክኒኗን አወጣች። ኢናላፕሪል። ልጅቷ ገልብጣ አየችው።

«ይሄን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ረመዳን ሊገባ ሲል ነው፣ ልጄ።»

ሳሉ የጀመራት ከዚያ በኋላ ነው። ኢናላፕሪል ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹን እንዲህ ያስላቸዋል አለችን። ሽሮፕ አያቆመውም፣ አንቲባዮቲክም አያቆመውም። እኔ ደነዘዝኩ። ክኒኑን የጻፈላት ባለሙያ ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ፋርማሲስቷ ግን ክኒኑን በገዛ እጇ አልቀየረችም። «ግፊትዎ ይወጣልና ሐኪሙን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ» ብላ ወረቀት ጽፋ ወደ ሐኪሙ ላከችን። አምሎዲፒን በሚባል ሌላ የግፊት ክኒን ተቀየረላት። ይኼኛው ደግሞ እግር ሊያሳብጥ እንደሚችል ቀድማ ነገረችን። ሳሉ ወዲያው አልጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት እማ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።

ለማንኛውም ነገር መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ ይባላል። እኔ አልስማማም። ለጉንፋን፣ ለራስ ምታት ቀኑን ሙሉ ካርድ ይዞ መሰለፍ አያስፈልግም። ለሕፃን ተቅማጥም ኦአርኤስ (ያጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) እና ዚንክ ፋርማሲ አለ። አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይሰጣል። ደም ካለው፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። 2 ሳምንት ያለፈው ሳልም እንደዚያው ነው፤ እኔ የዘገየሁት እዚያም ላይ ነው።

አንድ ፋርማሲ ያዙ። ጥቂት ብር ቢወደድም ያወቃችሁን አትልቀቁ። ሰኞ አትሂዱ፤ ገበያተኛው ሞልቶ ማንም ሊያዋራችሁ ጊዜ የለውም። በሽተኛውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚወስደውንም ክኒን በሙሉ፣ ከነማሸጊያው።

እማ አሁን ባንኮኒው ጋ ስትደርስ፣ ማንም ሳይጠይቃት የነጠላዋን ቋጠሮ መፍታት ትጀምራለች።