ድንጋይዋ ለምን ዘገየች? ካርቱንን ወደ ሰው ፊልም ስለማዞር

በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ዘ ላስት ኤርቤንደር» ውስጥ ተመልካቾች እስከ ዛሬ የሚያነሷት አንዲት ትዕይንት አለች። አፈርና ድንጋይ የማዘዝ ችሎታ ያላቸው ምርኮኞች ተሰልፈው መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ፣ ክንዳቸውን ያዞራሉ፣ ደግመው ይመታሉ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንዲት ድንጋይ ቀስ ብላ ተንሳፋ ታልፋለች። ፊልሙ በተወሰደበት ካርቱን፣ በ«አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር»፣ ግን አንድ ልጅ እግሩን አንዴ ሲረግጥ ቋጥኙ በዚያው ቅጽበት ከመሬት ይፈነቀላል። ችግሩ የድንጋይዋ ትንሽነት አይደለም። እንቅስቃሴውና ውጤቱ ተለያይተዋል፤ ማን ምን እንዳደረገ ዓይናችን ማገናኘት አቃተው።

ካርቱን በሰው ተዋናይ ወደሚቀረጽ ፊልም፣ ማለትም ወደ ላይቭ አክሽን ሲዞር ከሚበላሸው ነገር አብዛኛው የዚህች ድንጋይ ዘመድ ነው። ሠሪዎቹ ሥዕሉን ይወስዳሉ፤ ሥዕሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ግን እዚያው ይተዉታል።

የዚህን ካርቱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ከ2005 እስከ 2008 በ61 ክፍሎች ታይቷል። በውስጡ ያሉት አራት ዓይነት ችሎታዎች እያንዳንዳቸው በአንድ የቻይና ማርሻል አርት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ውሃ በታይ ቺ፣ መሬት በሁንግ ጋር፣ እሳት በሰሜኑ ሻዎሊን፣ አየር በባጓ። ምርጫው ለጌጥ አልነበረም። ታይ ቺ የመጣን ኃይል ተቀብሎ ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ውሃም እንዲሁ። ሁንግ ጋር ጉልበትን ሰብሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ መሬት ውስጥ ሥር እንደሰደደ መቆም ነው። ባጓ በክብ መዞርና ከጥቃት መንሸራተት ስለሆነ፣ መዋጋት የማይወደው ዋናው ገጸ ባሕርይ ጠባዩ ከአረማመዱ ይነበባል። ፊልሙ እነዚህን እንቅስቃሴዎች አልጣላቸውም፤ ተዋንያኑ አጥንተዋቸዋል። የጠፋው «አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ ውጤት» የሚለው ሕግ ነው።

ለምን ጠፋ? ካርቱንም ፊልምም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው የሚታየው። በካርቱን ግን አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ በሰከንድ የሚሣለው 12 ገደማ ነው። ሠዓሊው ቡጢን ሲሥል ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ትንሽ ያቆየዋል፣ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሥዕል ብቻ ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ያቆመዋል። ዓይናችን የሚይዘው ሁለቱን ማቆሚያዎች ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ክንዱ በተከታታይ ይሄዳል፤ ካሜራውም በተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ፍሬም ለ1/48 ሰከንድ ስለሚያበራው ፈጣኑ ክፍል ይደበዝዛል። ስለዚህ ዳንስ የሚመስል ረጅም ቅንብር ቀርጾ ውጤቱን በኋላ በኮምፒውተር መለጠፍ ሁልጊዜ ዘግይቶ የመጣ ያስመስለዋል።

መፍትሔው ከልምምድ ክፍል ይጀምራል። እያንዳንዱ ምት የትኛውን ነገር እንደሚያንቀሳቅስ ቀረጻው ሳይጀመር ይጻፋል። ምንም የማያንቀሳቅስ ምት ይሰረዛል፤ ምንም ያህል ቢያምር። ተዋናዩ ከምቱ በፊት ለትንፋሽ ያህል ይቆማል፣ ከምቱም በኋላ ይቆማል፤ የሠዓሊው ማቆሚያ በሰው አካል ሲሠራ ይህ ነው። በኤዲቲንግ ጊዜ እግሩ መሬት የነካበት ፍሬም ይለያል፤ አቧራው፣ ስንጥቁ፣ ድንጋዩም ከዚያ ፍሬም ወይም ከቀጣዩ ይጀምራል። አምስትና ስድስት ፍሬም ከዘገየ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ይሆናሉ። በዚያ ላይ ተዋናዩ ክብደት ሊሰማው ይገባል። ባዶ አየር የሚገፋ ሰው ትከሻው ያሳብቅበታል። በልምምድ ጊዜ ወገቡ ላይ የታሰረ ላስቲክ ወይም ከባድ ኳስ መግፋት ጡንቻው ተቃውሞውን እንዲያስታውስ ያደርጋል።

ከእንቅስቃሴው ሌላ የታሪኩ ሕግም አብሮ ካልተሻገረ ፊልሙ ይፈርሳል። በካርቱኑ እነዚያ ምርኮኞች የታሰሩት ባሕር መካከል ባለ የብረት መድረክ ላይ ነው፤ አፈር ስለሌለ ችሎታቸው ዋጋ የለውም፣ ተስፋቸውም አብሮ ሞቷል። ነፃ የሚወጡት እንደ ድንጋይ የሚታዘዝላቸው ከሰል ሲገኝ ነው። ፊልሙ ግን አፈር በተሞላ ቦታ አሰራቸው። ታዲያ ማን ከለከላቸው? የቀረጻ ቦታ ሲቀየር ቦታው በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለመፍረሱን መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የስክሪፕት ሥራ ነው።

የርዝመት ጉዳይ ደግሞ ሒሳብ ነው። የዚያ ካርቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ 20 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 23 ደቂቃ ገደማ ቢሆን ወደ 460 ደቂቃ ይጠጋል። ይህንኑ ምዕራፍ የሚተርከው ፊልም 103 ደቂቃ ነው። አራት ተኩል ደቂቃ የነበረው ወደ አንድ ደቂቃ ተጨመቀ ማለት ነው። እንደዚህ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ገጸ ባሕርያቱ ዝም ብለው አብረው የሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ በቦታው ተራኪ ይገባና «ተዋደዱ» ይለናል። እኔ እንደማምነው ሃያውን ክፍል ለማዳረስ ከመሮጥ ሦስት ወይም አራት ክፍል መርጦ በሙሉ ትንፋሽ መሥራት ይሻላል።

የዲዝኒ ፊልሞች ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። የ1941ዱ «ደምቦ» 64 ደቂቃ ሲሆን የ2019ኙ 112 ደቂቃ ነው። «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ከ84 ወደ 129 ደቂቃ አድጓል። ትርፉ ደቂቃ በምን ይሞላል? በአዲሱ «ደምቦ» እንስሳቱ መናገር ስላቆሙ የአይጡ ቦታ ለሰው ልጆች ተሰጠ፤ ታሪኩም ከዝሆኑ ወደ ቤተሰቡ ሸሸ። ርዝመት ሲጨመር የሚጨመረው ነገር ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከመድረኩ መሃል ካወጣው ባይጨመር ይሻል ነበር።

ወደ ገጸ ባሕርያቱ ፊት ገጽታ ስንመጣ የ2019ኙ «ዘ ላየን ኪንግ» ትልቁ ማስተማሪያ ነው። እንደ ላይቭ አክሽን ቢሸጥም ከአንድ ቀረጻ በስተቀር ሁሉም በኮምፒውተር የተሠራ ነው። የ1994ቱ አንበሶች ሰው መሰል ቅንድብና የዓይን ነጭ ነበራቸው፤ ሐዘንና ተንኮል የሚነበበው ከዚያ ነበር። እውነተኛ አንበሳ ቅንድብ የለውም፣ የዓይኑ ነጭም እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ፀጉሩ እውነተኛ በሆነ ቁጥር ፊቱ ዝም አለ፤ አባቱ ሞቶ የሚያለቅሰው ግልገል ድምፁ ያለቅሳል፣ ፊቱ ግን አያለቅስም። ዘፈኖቹም እንዲሁ ሆኑ። በ1994 ግልገሉ ንጉሥ ለመሆን ሲመኝ ዓለሙ ቀለሙን ይቀይራል፣ እንስሳት እርስ በርስ ይቆለላሉ፤ በ2019 ግልገሎቹ ውሃ ዳር ይሮጣሉ።

የቀልጣፋው ሰማያዊ ጃርት፣ የሶኒክ ጉዳይ ከቪዲዮ ጌም የመጣ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። በኤፕሪል 2019 መጨረሻ የወጣው ማስታወቂያ ትናንሽና የተራራቁ ዓይኖች፣ የሰው የሚመስሉ ጥርሶችና ረዣዥም እግሮች ነበሩት። ተመልካች ተቆጣ። ፊልሙ ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተገፍቶ ዓይኖቹ ሰፉ፣ ነጩ ጓንት ተመለሰ። ይህን ያህል ወጪ የጠየቀው የዓይንና የፊት ምጣኔ ነው፤ ካርቱን ሠዓሊው ያንን ምጣኔ ለምን እንደመረጠ መጀመሪያ ቢጠየቅ ኖሮ በወረቀት ያልቅ ነበር። የ2025ቱ «ሃው ቱ ትሬን ዩር ድራጎን» በዚህ በኩል ጥበበኛ ነው። የድራጎኑ ቆዳ ሸካራና እውነተኛ ሆነ፤ ትላልቅ ዓይኖቹና ሰፊው ራሱ ግን እንደነበሩ ቀሩ። ዳይሬክተሩ ዲን ደብሎይስ የ2010ሩንም ካርቱን ከሥራ ባልደረባው ጋር የሠራው ስለሆነ የትኛው መስመር እንደማይነካ ያውቃል።

የሌለን ፍጡር ከሰው ጋር መቅረጽ ትዕግሥት ይጠይቃል። የ2016ቱ «ዘ ጀንግል ቡክ» የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ በዙሪያው ካለው ጫካ አብዛኛው አልነበረም፤ ልጁ ግን ብቻውን ከአየር ጋር እንዳያወራ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሱ ባለሙያዎች ፊት ለፊቱ ነበሩ። የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከአሻንጉሊቱ ጋር ይለማመዳሉ፤ ያ ልምምድ ራሱ ይቀረጻል፣ በኋላ ለአኒሜተሩ ማጣቀሻ ይሆናል። ከዚያ አሻንጉሊቱ ወጥቶ በምሰሶ ጫፍ ያለች ኳስ በፍጡሩ ዓይን ቁመት ትቆማለች። ቀጥሎ ማንም የሌለበት ባዶ ቀረጻ ይወሰዳል። በመጨረሻ ግራጫ ኳስና እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ኳስ ፍጡሩ በሚቆምበት ቦታ ተይዘው ይቀረጻሉ፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል ደማቅ እንደሆነ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የሌንሱ ልኬት፣ የካሜራው ከፍታና ዘንበል ማለት በወረቀት ይመዘገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ከተረሳ በኋላ ግምት ይሆናል፤ ግምትም ይታያል።

ኳሷ ከተዋናዩ አንድ ሜትር ርቃ ቆማ ፍጡሩ አራት ሜትር ርቆ ቢሣል የተዋናዩ ሁለት ዓይኖች ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም «አያየውም» ይላል። ሁለት ልጆች አብረው ሲያዩ ደግሞ አንዱ የፍጡሩን አፍ፣ ሌላው ግንባሩን እንዳያይ ነጥቧ አንዲት ትሁን። እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ከስፖንጅ የተሠራ ቅርጽ ይቀመጥ፤ እጁ የሆነ ነገር ላይ ማረፍ አለበት፣ ፀጉሩም ከጣቱ ሥር መጎድጎድ አለበት። በኋላ በኮምፒውተር በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ካለ ተዋናዩ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ አረንጓዴው ጉንጩና የፀጉሩ ጫፍ ላይ ይረጫል። የፍጡሩ እግር መሬት በሚነካበት ቦታ ያለችው ጠባብ ጥላም ከጎደለች ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ፍጡሩ ይንሳፈፋል።

ይህን ጥንቃቄ ኮምፒውተር አልፈጠረውም። በ1988ቱ «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት» ውስጥ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተንጠለጠለ መብራት ተመትቶ ይወዛወዛል፤ ሠዓሊዎቹ ከሰው ተዋናይ ጋር በሚጫወተው የካርቱን ጥንቸል ላይ የሚሄደውን ጥላ በእያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ቀይረውታል። መብራቱን ዝም ማሰኘት ይቀል ነበር። ያ ውዝዋዜ ግን ጥንቸሉን ክፍሉ ውስጥ አስገባው።

ልብስ ላይ አልቆይም። የካርቱን ቀለም አንድ ወጥ ነው፤ ያንኑ ቀለም በአዲስ ጨርቅ ላይ ካወረዱት የበዓል ልብስ ይመስላል። ይታጠብ፣ ክርኑና ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ትንሽ ይደብዝዝ፤ ውሳኔው ግን በዓይን ሳይሆን በቀረጻው መብራት ሥር በካሜራ ታይቶ ይሁን።

ከሁሉም የማይታዘዘው የልጅ ዕድሜ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በትምህርት ቀን የሚሠራው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ 3 ሰዓት ለትምህርት፣ 1 ሰዓት ለዕረፍት ይውላል። ሥዕል አያድግም፣ ተዋናይ ግን ያድጋል። የዚያው የ2005 ካርቱን ታሪክ ከክረምት ተነስቶ በበጋ መጨረሻ፣ አንዲት ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ስትመጣ ያልቃል። በ2024 በኔትፍሊክስ በ8 ክፍል የወጣው አዲስ ሥራ ያንን ቀነ ገደብ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አወጣው፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ሲቀረጽ ልጆቹ ስንት ዓመት እንደሚሆናቸው ማወቅ ስለማይቻል ነው። ኮሜቷ የሌለችበት ታሪክ ጥድፊያው ቀንሷል። ሆኖም የልጁ ድምፅ ጎርንኖና ቁመቱ ጨምሮ «ስድስት ወር አልፏል» ከሚባል፣ ይህን ኪሳራ አስቀድሞ መቀበል ትክክል ነበር።