ዓይን አፋሯ ዘፋኝ፦ ፊልሙን ጎንደር ላይ እንዴት እንደሠራነው

ስለ ዓይን አፋር ዘፋኝ ፊልም መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ይፈልግ። ድርሰቱ ይቆይ፣ ካሜራውም ይቆይ። በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። ተመልካቹ ልጅቷ አፏን እስክትከፍት ድረስ ጓጉቶ ይጠብቃል። ስትከፍት የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ከሆነ ጆሮው ወዲያው ይነቃል፣ ታሪኩም እዚያው ያልቅለታል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን «ሊትል ቮይስ» የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ታሪኩ ከሟች አባቷ የሙዚቃ ሸክላዎች ጋር ክፍሏ ውስጥ የተደበቀች ልጅ ታሪክ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ጄን ሆሮክስ ዘፈኖቹን ሁሉ ራሷ ነው የዘፈነችው። ፊልሙ ከመድረክ ቴአትር የመጣ ነው። ደራሲው ጂም ካርትራይትም ቴአትሩን የጻፈው የታላላቅ ዘፋኞችን ድምፅ የማስመሰል ችሎታዋን ካየ በኋላ፣ ለእሷ ብሎ ነው። ድምፁ ቀደመ፣ ገጸ ባሕርይዋ ተከተለች።

እኔ ጎንደር የምኖረው በሰርግ ቪዲዮ ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ እንቅልፍ የለም። ከዚያ ሰርግ ይቆማል፣ ካሜራውም ያርፋል። አጭር ፊልማችንን ያሰብነው ለዚያ ባዶ ጊዜ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ጠጅ ቤት ጓዳ ብርሌ ታጥባለች። ውጭ አዝማሪው ይጫወታል፣ እንግዳው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብለዋል። አዝማሪው ግጥም ሲያልቅበት ከጓዳው በር ሥር በሹክሹክታ የምታቀብለው እሷ ናት። ጭብጨባው የእሱ ነው፣ ሽልማቱም የእሱ። አንድ ቀን አዝማሪው ጉሮሮው ተዘግቶ ይመጣል።

ዘፋኝ ፍለጋ ማስታወቂያ አልለጠፍንም። ማስታወቂያ አይቶ የሚመጣ ሰው ዓይን አፋር አይደለም። ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ጓዳ ነው። ሌሊት ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ወጥ ሲማሰል፣ ሰው አይሰማኝም ብላ የምታንጎራጉር ሴት አትጠፋም። አዘዞ አንድ ሰርግ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ድምፁ ቆመ። ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ካሜራዬን አጥፍቼ ወጣሁ። በኋላ ቤተሰቦቿን አፈላልጌ አገኘሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ የሽማግሌ ሥራ ነው። ብቻዬን አልሄድኩም። መሲንቆ የሚጫወትልንን አዛውንት አዝማሪ ይዤ ነው የሄድኩት። እናቲቱ አቦሉን እየቀዱልን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ የማይጠብቅ ሰው በእኛ አገር ስለ ዘፈን ፊልም አይጀምር። ጎንደር ዙሪያ ቡርቧክስን የመሰለ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድበት የአዝማሪዎች መንደር አለ። አዝማሪ በየመኳንንቱ ግብር ሲያሞግስም ሲወቅስም የኖረ ባለሙያ ነው። ሆኖም ሰው ልጁን ለዚህ ሙያ አይመርቅም። አዛውንቱ ግን አልተቆጡም፣ ታሪክም አልደረደሩም። «እትዬ፣ እኔ በዚህ ሙያ ልጆቼን አስተምሬያለሁ። ልጅዎ አዝማሪ አትሆንም፤ የአዝማሪ ባለውለታ ሆና ነው የምትታየው» አሉ። በረካው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ተጨዋወትን። ስንነሳ እናቲቱ ሦስት ነገር አዘዙ። በጾም አትዘፍንም። ወንድሟ አብሯት ይውላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቷ ትገባለች።

ሦስቱንም ተቀበልን፣ ሦስቱም ጠቀሙን። የንግግሩን ክፍል በጾም ቀረጽን፤ ጠጅ ቤቱ ጭር ስላለ ባለቤቱ በትንሽ ዋጋ ለቀቀልን። ዘፈኑን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ላለው ጊዜ አቆየነው። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ከሁላችንም ጋር ተላምዳለች። ወንድሟም መብራት ያዥ ሆነ። እሱ በክፍሉ ውስጥ ካለ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ከወጣ ይጨመደዳል። በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በምታይበት በኩል አቆምነው።

ሳቁ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ብዙ ተከራክረናል። የእኔ አቋም ልጅቷ ላይ አንድም ቀልድ እንዳይኖር ነበር። ዓይን አፋር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሳቅበት የኖረ ነው፤ እኛ አንጨምርበትም። ሳቁን ያሸከምነው በፊልሙ ውስጥ ያለችውን የልጅቷን አክስት ነው። ሰው ልጅቷን ሲያናግራት የምትመልሰው አክስትየዋ ናት። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» ትላለች። የጠጅ ቤቱ ባለቤትም ሲደነግጥ ግጥም ለመግጠም ይሞክራል፣ ቤት አይመታለትም። ይህን ስናሳይ ሰው ወንበሩን እየመታ ነው የሳቀው። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ልፋቱ እዚህ ነው። ዘፈን ያለበት ቀረጻ አብዛኛውን ጊዜ በፕሌይባክ ይሠራል። ስቱዲዮ ተቀድቶ፣ ካሜራ ፊት ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ለክሊፕ ጥሩ ነው። ለዚህ ታሪክ ግን አይሆንም። ዓይን አፋር ሰው ሊዘፍን ሲል ምራቁን ይውጣል። ትንፋሹ ተቆርጦ ይመለሳል። የመጀመሪያዋ ቃል ግማሿ ብቻ ትወጣለች። ፕሌይባክ ይህን ሁሉ ይበላዋል፤ እኛ ደግሞ ፊልሙን የምንሠራው ለእነዚህ ነገሮች ነው።

ስለዚህ እዚያው ጓዳው ውስጥ ቀዳን። መሲንቆ እንደ ኪቦርድ የተወሰነ ድምፅ የለውም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፣ ተጫዋቹ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኘዋል። አዛውንቱ አዝማሪ መጀመሪያ ልጅቷ ስታንጎራጉር ሰሟት፣ በእሷ ልክ ቃኙ፣ ከዚያ ብቻቸውን ተጫወቱና ቀዳነው። በቀረጻው ሰዓት ያን ዜማ በአንድ ጆሮዋ በኢርፎን እየሰማች ዘፈነች። ኢርፎኑ ሻሿ ሥር ተደብቋል። ማይኩ ላይ የገባው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው፤ መሲንቆውን በኤዲቲንግ ጊዜ ከሥሩ አስገባነው። ጓዳው ቆርቆሮ ክዳን ስለሆነ ድምፅ ይረጫል። ካሜራው በማያይበት በኩል ሁሉ ፍራሽ አቆምን፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀልን። ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ ሳይጮህ አንድ ዘፈን መጨረስ የሚቻለው ማለዳ ነው፤ ማለዳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ከተማው ሳይነቃቃ ያለችውን ክፍተት መረጥን። ክረምቱ ሲቃረብ አይሞከርም፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምንም ማይክ አያስጥልም። የባዶውን ጓዳ ዝምታም ለብቻው ቅዱ፣ ኤዲቲንግ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

«አክሽን» አላልንም። ካሜራው ቀድሞ ይነሳል፣ እሷ ሥራዋን ትሠራለች። ውሃው እውነተኛ ነው፣ ብርሌውም እውነተኛ ቆሻሻ። ብርሌ አንገቱ ቀጭን ነው፣ እጅ አይገባበትም፤ ውሃ ሞልቶ መነቅነቅ ነው። እሷም ነቀነቀች፣ ደፋች፣ እንደገና ነቀነቀች። ያ መነቅነቅ ምት ሆነላት። እጇ ሥራ ሲይዝ ድምፅዋ ተለቀቀ። ክፍሉ ውስጥ ወንድሟ፣ እኔና የድምፅ ባለሙያው ብቻ ነበርን፣ እኛ ሁለታችን ጀርባችንን ሰጥተናል።

ቅኝቱን በተመለከተ ሰው ሁሉ «ትዝታ ይሁን» አለ። ትዝታ ገና ሲጀምር ሰው አንገቱን ይደፋል። እኔ ደግሞ ተመልካቹ ከአክስትየዋ ሳቅ ሳይወጣ ድምፁ እንዲደርስበት ፈልጌ ነበር። ባቲ ቅኝትን መረጥን። ግጥሙን እሷና አዝማሪው አብረው ሠሩት፦

ብርሌ ሳጣጥብ ጓዳ ተደብቄ፣
ለሌላ ሰጠሁት ከራሴ ነጥቄ።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ጓደኞቼ ትልቅ መድረክ ፈልገው ነበር። ከተማው መካከል ጃንተከል ላይ ሕዝብ፣ መብራት፣ ጭብጨባ። አልተስማማሁም። ሰው መድረክ ላይ ካልወጣ አልዳነም የሚለውን አላምንበትም። የእኛ ልጅ የምታደርገው የጓዳውን በር ከፍቶ መተው ነው። ዘፈኑ ወደ አዳራሹ ይወጣል፣ እሷ ግን ከብርሌዋ ጋር ናት። ጠጪው ዞር ብሎ ያያታል። አዝማሪውም የተሰጠውን ብር ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። አንዳንዱ ተመልካች «ለምን አላወጣችኋትም?» ብሎ ተቆጥቷል። ዛሬም መልሴ ያው ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ውል ጻፉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድምፁን የሰጠ ከዋኝ፣ ማለትም ዘፋኙ ወይም ተዋናዩ፣ የራሱ መብት አለው። ዓይን አፋር ሰው ይህን ተከራክሮ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጠያቂው አሠሪው መሆን አለበት። ለትወናው አንድ ክፍያ፣ ለድምፁ ሌላ፣ ለግጥሙ ሌላ ብለን ጻፍን። ድምፅዋ ያለ ፈቃዷ ከዚህ ፊልም ውጭ እንዳይውልም አስገባን። ፊልሙ ከታየ በኋላ አንድ ድርጅት ዘፈኑን ለማስታወቂያ ፈለገውና ወደ እኔ ደወለ። ውሉ እንደማይፈቅድልኝ ነግሬ ስልኩን ለእሷ ሰጠሁ። እናቷም ወንድሟም አጠገቧ ነበሩ፣ በእሷ ፈንታ ግን ማንም አልመለሰም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አይ፣ አልፈልግም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።