የጎልፍ ዱላ ይዘን ደብረ ማርቆስ

ሜሪላንድ ውስጥ የምንኖር የጎጃም ሴቶች ለረጅም ዓመታት የምንገናኘው ለሠርግ፣ ለክርስትና እና ለለቅሶ ብቻ ነበር። ገሚሶቻችን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እንሠራለን፣ ገሚሶቻችን ልጆች እናሳድጋለን፣ ሁላችንም አገር ቤት ገንዘብ እንልካለን። ጨዋታ የሚባል ነገር ግን ከልጅነታችን ጋር እዚያው መንደር ቀርቷል። ጎልፍን ያመጣችልን ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ናት። የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ቅዳሜ ይዘዋት ሄዱ፤ ወደደችው፤ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ እየጎተተች አስገባችን።

ብዙ ሰው ጎልፍን የባለጸጋ ወንዶች መዝናኛ አድርጎ ያየዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ማንም ከፍሎ የሚጫወትበት የሕዝብ ሜዳ ሞልቷል፤ ያገለገለ ዱላም በርካሽ ይገኛል። በጎልፍ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው የሚያሸንፈው፤ እኔን የማረከኝ ግን ሀንዲካፕ የሚሉት ሥርዓት ነው። እንደየችሎታችን ከውጤታችን ላይ ምት ይቀነስልናል፤ ስለዚህ ጉልበቷን የሚያማት ታላቃችን ከወጣቷ ነርስ ጋር እኩል ትፎካከራለች። ዕድሜና ጉልበት የማይመጣጠኑ ሰዎችን በአንድ ሜዳ እንዲህ አድርጎ የሚያፎካክር ሌላ ስፖርት አላውቅም።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ተሰብስበን ወጣ ወዳለ ከተማ እንሄዳለን፤ ቀን እንጫወታለን፣ ማታ ቡና አፍልተን እናወጋለን። በ2011 ዓ.ም. ታላቃችን «የዘንድሮው ለገና ይዛወርና ጎጃም ይሁን» አለች። እንደ ቀልድ የተነገረው ነገር ትኬት ወደ መቁረጥ ደረሰ። የጎልፍ ሕግ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ለቤተሰብ የምንወስደው ልብስና መድኃኒት ስለነበረ፣ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ በጋራ የምንጠቀምባቸውን ጥቂት ዱላዎች ብቻ መረጥን። ለሩቅ ምት የሚሆነውን ረጅሙን ዱላ፣ ድራይቨርን፣ ቤት ትተን ለመካከለኛ ርቀት ሰባት ቁጥር አይረን፣ ለአጭር ምት ዌጅ፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል ደግሞ ፓተር ያዝን።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን በረሃ ወርደን ደጀን ስንወጣ መኪናው ውስጥ ያላለቀሰች አልነበረችም።

የተጫወትነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አክስቴ መንደር ያለው የግጦሽ መስክ ላይ ነው። መስኩ የጋራ ስለሆነ ሽማግሌዎቹን ማስፈቀድ ነበረብን። «ከብት እግሩን እንዳይሰብር ማታ ጉድጓዱን ትደፍናላችሁ» አሉን፤ ተስማማን። ደንበኛው የጎልፍ ጉድጓድ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የአክስቴ ልጅ በዶማ እየቆፈረ ለዚያ የሚቀርብ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ቀበረበት። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ ሸምበቆ ተክለን አሮጌ ነጠላ ቀደን ሰንደቅ አሰርንበት። እበት ላይ ያረፈች ኳስ ያለ ቅጣት ፈቀቅ እንድትደረግም ደነገግን።

በሁለት ቡድን ተከፈልን፤ አንዱን በወንዙ ዓባይ፣ ሌላውን በተራራው ጮቄ አልነው። የመረጥነው አጨዋወት ስክራምብል ይባላል። የአንድ ቡድን ሴቶች ሁሉም ይመታሉ፣ ጥሩ ቦታ ያረፈችው ኳስ ትመረጣለች፣ ቀጥሎ ሁሉም ከዚያ ቦታ ይመታሉ። በደቦ እንደሚታጨድ ማሳ ነው፤ የማን ማጭድ ወደ ኋላ ቀረ ብሎ የሚቆጥር የለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ኳሷም ርቃ ትሄዳለች። ነርሷ ሜሪላንድ ላይ በለመደችው ልክ ብትመታት ጉድጓዱን አልፋ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ውስጥ ገባች፤ ሕፃናቱ እየተሽቀዳደሙ አመጡላት።

ወንዶቹ ከመስኩ ማዶ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። የመንደሩ ሴቶች ግን የእኛን ለማየት መጡ። አክስቴ ዳር ቆማ ብዙ ካየች በኋላ ጋቢዋን ለልጅ ልጇ አቀበለች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ «እስቲ አምጪው ልጄ» ብላ ዱላውን ከእጄ ወሰደች። ስለ አያያዙ ላስረዳት ብጀምር አልሰማችኝም። እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዱላውን ከጉልበቷ ብዙ ሳታነሳ መታች። ኳሷ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ሄዳ ከሸምበቆው ሥር ቆመች። እልልታው ወንዶቹን ጨዋታ አስቆማቸው።

ልጅ ሳለች ከብት ስትጠብቅ ከወንድሞቿ ጋር ገና ትጫወት ነበር፤ «ለሴት ልጅ ነውር ነው» ተብላ ቀርታለች። «ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ ሲጫወቱ እያየን እልል ስንል ነው ያረጀነው» አለችኝ። ይህን ስትል አልተከዘችም፤ ቀጣዩን ጉድጓድ እያየች ነበር። እኔ ግን ሆዴ ባባ። በየወሩ ገንዘብ ልኬላታለሁ፣ ጋቢ ልኬላታለሁ፤ ይህንን ግን ማን ልኮላት ያውቃል?

ታላቃችን ከጮቄ ቡድን ቦታዋን ለቀቀችላት። ፉክክሩ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ አንገት ለአንገት ነበር። ጮቄ በአንድ ምት አሸነፈ፤ ዓባዮች «ጎረቤት ቆጠራውን አድልቷል» ብለን ክርክር ስናነሳ አንድ ሽማግሌ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ገላገሉን። ሽልማቱ በቅል የቀረበ ነጭ ማር ነበር። አሸናፊዎቹ ለሁላችን አካፈሉን። ዶሮ ወጡ፣ ጠላው፣ እስክስታው እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ጉድጓዶቹን ግን በቃላችን መሠረት ከመምሸቱ በፊት ደፍነናል።

ዱላዎቹንና ኳሶቹን ለመንደሩ ሴቶች ትተን ተመለስን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦርነት መጣ፤ እኛም እስካሁን ተመልሰን አልሄድንም። ኔትዎርክ ሲኖር ግን መስከረም ላይ ከመጀመራችን በፊት ለአክስቴ እንደውልላታለን፤ ቡድን የምትከፍልልን እሷ ናት። ባለፈው ነርሷንና ታላቃችንን በአንድ ወገን ስትመድብ ሌሎቻችን ጮኸን ተቃወምን፤ «ለጮቄ ይገባዋል» ብላ አጸናችው።