ያላስጠነቀቁኝ መጽሐፍ

«አሜሪካን ሳይኮ» የተባለውን ልብ ወለድ ያዋሰኝ እዚሁ ጅማ የምሳተፍበት የንባብ ክበብ ኃላፊ ነው። «ከባድ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሰው አይደነግጥም። ሳትጨርስ እንዳትመልሰው» አለኝ። መጀመሪያ የተዋዋለው አሳታሚ አላትምም ብሎ እንደተወውና እ.ኤ.አ. በ1991 ሌላ አሳታሚ እንዳወጣው እንኳ አልነገረኝም። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች በሁለት ምሽት አለፍኳቸው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ፣ ቦታው ኒው ዮርክ ነው። ዎል ስትሪት በሚባለው የባንኮችና የአክሲዮን ሰፈር የሚሠራ ወጣት ስለ ሱፉ፣ ስለ ክራቫቱ፣ ስለሚበላበት ሬስቶራንት ያወራል። ይሰለቻል።

ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ምሽት ነው። ነሐሴ ነበር። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራስህን ድምፅ እንኳ አያሰማህም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ አልጋ ላይ ነኝ። ሰውዬው ስለ ሸሚዝ ሲያወራ በነበረበት ድምፅ ሰው እንዴት እንደገደለ ይተርካል። ድምፁ ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም። የደራሲው የብሬት ኢስተን ኤሊስ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን አልክድም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የሆነ ሰዓት ላይ ጣቴ ገጽ ሲዘል አየሁት። የልብሱን ዝርዝር እያለፍኩ ደም ነበር የምፈልገው። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። መጽሐፉን አልጋ ሥር ከተትኩት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ጠዋት አከራዬ ቡና ጠሩኝ። ድፎ ዳቦ ሲቆርሱ ቢላዋውን ማየት አቃተኝ። «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? በርጩማዋን ወደ ከሰሉ አስጠጉልኝ። በረካውን እስክጠጣ ድረስ ደግመው አልጠየቁኝም።

እኔ እንደ ኃላፊው አልመክርም። ጀምሮ ማቋረጥ ነውር አይደለም። «ታሪኩ ይበላሽብኛል» ሳትሉ ምን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማታ፣ አልጋ ላይ፣ ብቻችሁን አታንብቡት። ገጽም አትዝለሉ። አሰልቺው ክፍል ከወጣ የሚቀረው ደሙ ብቻ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ይህ መጽሐፍ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ብቻ ሲሸጥ ኖሯል። መታሸጉን አሁንም አልደግፍም። ግን አንድ ቃል የሚነግረኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀን፣ በረንዳ ላይ ሆኜ፣ አንድም ገጽ ሳልዘል ጨረስኩት። ከመመለሴ በፊት የሽፋኑ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «ሴቶች ላይ የሚፈጸም ጭካኔ በዝርዝር ተጽፏል። በቀን አንብበው። ከከበደህ መልሰው» ይላል። ኃላፊው ነቅሎ ጣለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ጽፌ ሄድኩና መልሼ ለጠፍኩት።