መጀመሪያ ሊብሬው፣ ቀጥሎ መኪናው፦ አሮጌ መኪናን በአውሮፓ ድንበር ማሻገርና መንከባከብ

አሮጌ መኪና ከአንዱ የአውሮፓ አገር ገዝቶ ወደ ሌላው ሊወስድ ያሰበ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ፣ ጆሮው ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ላይ ነው። ቀለም ይቀባል፤ ሞተርም ይወርዳል፣ ይታደሳል። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ግን መኪናው ታርጋ አያገኝም። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሊብሬውን የሁለቱንም ገጽ ፎቶና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ ለመላክ ካንገራገረ ጉዞው ይቅር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዳዲሶቹ ሊብሬዎች በየትኛውም ቋንቋ ቢታተሙ ኮዶቻቸው አንድ ናቸው። «ኤ» (A) የታርጋ ቁጥር፣ «ቢ» መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ቀን፣ «ኢ» (E) የሻንሲ ቁጥር፣ «ፒ.1» የሞተሩ መጠን፣ «ፒ.2» ጉልበቱ በኪሎዋት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ መታየት ያለበት «ቢ» ነው፤ ግብሩም፣ የዓመት ምርመራውም፣ የታሪካዊ መኪና መብቱም የሚሰላው በመኪናው ዕድሜ ነውና። ቀድሞ ድንበር ተሻግሮ የመጣ መኪና አንዳንዴ የተጻፈለት እዚያ አገር የገባበት ቀን ይሆናል። በ1985 የተሠራው መኪና በወረቀት ላይ የ1998 ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የቀድሞውን አገር ሊብሬ ቅጂ ወይም ፋብሪካው ስለ ምርት ዘመኑ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ከሻጩ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቁጥሩን ራሱን ስታዩ የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ብርሃኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ጥልቀቱ እኩል ነው፣ ዙሪያውም የብየዳ ወይም የሙሌት ምልክት የለበትም። ቀለምና ጭቃ ከሸፈነው በለስላሳ ብሩሽና በቀለም ማቅጠኛ ቀስ አድርጋችሁ አጽዱት። በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት በፍጹም አትንኩት፤ ጭረቱ ለመርማሪው የተፋቀ ቁጥር ይመስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩ መኪኖች ቁጥሩ ከ17 ሆሄ ማነሱ ጉድለት አይደለም፤ ያኔ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አጻጻፍ ነበረው። በጸሐፊ ስህተት 8 እና «ቢ»፣ 0 እና «ኦ» ተለዋውጠው ከተገኙ ስህተቱን ሻጩ በራሱ አገር አሳርሞ ይስጣችሁ። ድንበር ከተሻገረ በኋላ ሊያርምላችሁ የሚችለው ያው ወረቀቱን ያወጣው የሩቅ አገር መሥሪያ ቤት ነው።

መኪናው ከመዝገብ መሰረዙ ብቻውን አያስፈራም፤ ለውጭ ሽያጭ የተሰረዘ ብዙ ጥሩ መኪና አለ። የማይቻለው የመፍረስ ማረጋገጫ የወጣለት ነው። እሱ በሕግ ቆሻሻ ሆኗል፤ ሞተሩ ቢነሳም ተመልሶ አይመዘገብም። በተጎታች የሚጫን፣ የተፈታና ያልተሟላ መኪናም ድንበር ላይ እንደ ቆሻሻ ሊቆጠር ስለሚችል ሊብሬውን፣ የሽያጭ ውሉንና ለጥገና የሚሄድ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አብራችሁ ያዙ።

ስለ ቀረጥ። በኅብረቱ አገሮች መካከል የጉምሩክ ቀረጥ የለም። ተጨማሪ እሴት ታክስም በመድረሻው አገር እንደገና የሚከፈለው መኪናው ከ6 ወር በታች ከሆነ ወይም ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ካልተነዳ ነው፤ አሮጌ መኪናን አይነካም። የአገሩ የምዝገባ ግብር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለየብቻው አጣሩ። ጉዳዩ የሚከብደው ከኅብረቱ ውጭ፣ ለምሳሌ ከስዊዘርላንድ ወይም ከታላቋ ብሪታንያ ሲመጣ ነው። ብሪታንያ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለጉምሩክ እንደማንኛውም የውጭ አገር ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በአንድ ቁጥር ነው። ተራ የቤት መኪና ጉምሩክ ዕቃን በሚመድብበት የታሪፍ ቁጥር 8703 ሲገባ 10 በመቶ ቀረጥ፣ በላዩም ሙሉ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ምርቱ የቆመ፣ ሻንሲው፣ መሪው፣ ፍሬኑና ሞተሩ በመሠረቱ ያልተለወጠ መኪና ግን በ9705፣ የሰብሳቢዎች ዕቃ ተብሎ መግባት ይችላል። ቀረጡ ዜሮ ይሆናል፤ ታክሱም ጀርመን 7፣ ኔዘርላንድስ 9፣ ፈረንሳይ 5.5 በመቶ ነው። ማጓጓዣውን ጨምሮ 10,000 ዩሮ የወጣበትን መኪና ወደ ጀርመን ብናስገባ በ8703 ቀረጡ 1,000፣ 19 በመቶ ታክሱ በ11,000 ላይ 2,090፣ ድምሩ 3,090 ዩሮ ይመጣል። በ9705 የሚከፈለው 700 ነው። የጉምሩክ አስተላላፊው ሰነዱን ከማስገባቱ በፊት የታሪፍ ቁጥሩን በጽሑፍ አስነግሩትና የመኪናውን ፎቶዎች አያይዙ። ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ ረጅም ሙግት ነው።

መኪናው ወደ ብሪታንያ የሚሄድ ከሆነ ከደረሰ በ14 ቀን ውስጥ «ኖቫ» በሚባለው ሥርዓት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የምዝገባ ማመልከቻው ቪ55/5 የሚባለው ቅጽ ነው። እዚያም የ30 ዓመቱ ሰብሳቢ መኪና ያለ ቀረጥ በ5 በመቶ ታክስ ይገባል።

ቀጣዩ እንቅፋት የቴክኒክ መረጃው ነው። አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካው የስምምነት የምስክር ወረቀት፣ ማለትም የአውሮፓን የቴክኒክ ደንብ ማሟላታቸውን የሚመሰክር ወረቀት፣ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ የጋራ የአውሮፓ ማጽደቂያ ለቤት መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተሠራ መኪና ወረቀቱን «ከኢንተርኔት አስገኝላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ለእነዚህ የሚያገለግለው የፋብሪካው የታሪክ ክፍል የሚሰጠው የመረጃ ወረቀት ወይም የአገሩ መርማሪ በነጠላ የሚያጸድቀው ነው። ጀርመን 30 ዓመት የሞላውና በመርማሪ ታሪካዊነቱ የተመሰከረለት መኪና የ«ኤች» ታርጋ ያገኛል፤ የዓመት ግብሩ የሞተር መጠን ሳይታይ 191.73 ዩሮ ነው፣ የጭስ ገደብ ባለባቸው ከተሞችም ይገባል። ፈረንሳይ በኅብረቱ ውስጥ ለተገዛ መኪና መጀመሪያ ከግብር ቢሮው ነጻ መሆኑን የሚያሳየውን «ኪቱስ ፊስካል» ትጠይቃለች። 30 ዓመት ለሞላው የስብስብ ሊብሬ ትሰጣለች፤ የእሱ ምርመራ በየ5 ዓመቱ ነው።

መርማሪው ፊት ከሚወድቁት ሁሉ የመብራት ነገር ይበዛል። ከብሪታንያ ወይም ከአየርላንድ የመጣ መኪና አጭር መብራቱ ወደ ግራ ያነሣል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ተለጣፊ ወረቀት ለጉብኝት እንጂ ለምዝገባ አይሆንም፤ መብራቱ በሙሉ በቀኝ አገር ሞዴል ይቀየር። የኋላው የጉም መብራት አንድ ከሆነ በግራ ወይም በመሃል መሆን አለበት። ከአሜሪካ ቀድሞ የገባ መኪና ቀይ ፍሬቻው ብርቱካንማ መሆን ይጠበቅበታል። የመብራቱ መስታወት ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» እና ቁጥር ፈልጉ፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 5 ስዊድን ያጸደቀው ነው። ቁጥሩ የአጽዳቂው አገር ስለሆነ የትኛውም ቢሆን በሁሉም ይሠራል።

ለዓመታት የቆመን መኪና እየነዱ ማምጣት አልመክርም። የጀርመን የ5 ቀን ጊዜያዊ ታርጋ ለአገር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሌላ አገር ላይቀበለው ይችላል። ለጉዞ የሚሆነው የማብቂያ ቀኑ ቀይ መስመር ላይ የተጻፈው የውጭ መላኪያ ታርጋ ነው። ተጎታች ከተጠቀማችሁ የመንጃ ፈቃዱን አስሉ፦ የተፈቀደ ክብደቱ 2,200 ኪሎ የሆነ ጎታች ከ2,500 ኪሎ ተጎታች ጋር 4,700 ነው። ተራው «ቢ» ፈቃድ 3,500፣ «ቢ96» 4,250 ላይ ያቆማሉ፤ ስለዚህ «ቢኢ» ያስፈልጋል። የሚቆጠረው ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የተፈቀደ ክብደት እንጂ የተጫነው አይደለም። መኪናውን ስትጭኑ ክብደቱ ከተጎታቹ አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፤ ወደ ኋላ ካደላ በፍጥነት ላይ ጭራው ይወዛወዛል። አራቱንም ጎማ በቀበቶ እሰሩና 20 ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ።

ቤት ሲደርስ ቁልፉን ለመጠምዘዝ አትቸኩሉ። ካንዴላዎቹን አውልቁ፣ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና እስከ ማግሥቱ ተዉት። ከዚያ ክራንኩን (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) በመፍቻ በእጅ አዙሩ፤ እንቢ ካለ አታስገድዱት። በነጻ ከዞረ ካንዴላ ሳትመልሱ በሞተሪኖ እያዞራችሁ የዘይት ግፊት መምጣቱን እዩ። ነዳጁን ከአሮጌው ታንከር ሳይሆን ከተለየ ንጹሕ ዕቃ ስጡት፤ በታንከሩ ያለው ቤንዚን ተበላሽቶ ከዝገት ጋር ካርቡሬተሩን ይደፍናል።

አሁን የሚሸጠው ኢ10 ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል የጥንቱን ጎሚኒ ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃል፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል። የነዳጅ ቱቦውን ሁሉ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 ተብሎ በታተመበት ቀይሩ፤ በብዙዎቹ ባለ ካርቡሬተር መኪኖች የውስጥ ስፋቱ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው። ማደያው ኢ5 (ኤታኖሉ እስከ 5 በመቶ የሆነ) ካለው እሱን ቅዱ፣ በተለይ መኪናው ክረምቱን የሚቆም ከሆነ። እርሳስ በተጨመረበት ቤንዚን ዘመን ተሠርቶ የቫልቭ መቀመጫው ያልጠነከረ ሞተር በረጅም ፈጣን መንገድ መቀመጫው ይበላል፤ የቫልቭ ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ ከሄደ ምልክቱ ያ ነው። ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለሌላ ሥራ ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው የሚሻለው።

ፍሬን ላይ ዋናው ተንኮለኛ ከውጭ ደህና የሚመስለው ጎማ ቱቦ ነው። ውስጡ ያብጥና ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመልስም፤ ጎማው ይያዛል፣ ይግላል። ለመለየት ጎማውን በክሪክ አንሡ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ክፈቱ። ዘይት ተስፈንጥሮ ጎማው በነጻ ከዞረ የታሰረ ግፊት ነበረ፤ ችግሩ ከካሊፐሩ በላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ቱቦው ነው። ከፍታችሁትም ካልዞረ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። የፍሬን ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ቀይሩ፤ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ለሙሉ ቅያሪ 1 ሊትር ይበቃል።

የድሮ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) አለባቸው። ኅብረቱ ከ2005 መጀመሪያ አንሥቶ አግዶታል፣ ስለዚህ ከአሮጌ መጋዘን የተገኘ «ኦሪጅናል» ሸራ አትግዙ። የፍሬኑን ከበሮ ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በከረጢት አሽጉ።

ሲትሮዬን ዲኤስ የተባለው የፈረንሳይ መኪና ያላችሁ የሃይድሮሊኩን ዘይት ሳታዩ ምንም አትጨምሩ። እስከ 1966 የነበሩት ቀዩን ኤልኤችኤስ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት አረንጓዴውን ኤልኤችኤም ይጠቀማሉ፤ የአንዱ ጎሚኒ የሌላውን አይችልም፣ መሳሳት የሥርዓቱን ጎሚኒዎች በሙሉ ያስቀይራል። ጎማን በተመለከተ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አንብቡ፦ 2314 ማለት በ2014 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ካለፈው ይጣል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር ወረቀቱን አትርሱ። ካርቡሬተሩን አውጥቶ ዘመናዊ የነዳጅ መርጫ መግጠም ለመንዳት ይመቻል፣ የ30 ዓመቱን ታሪካዊ መብት ግን ሊያሳጣ ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ ከመበየዳችሁ በፊት መርማሪውን ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ። ሞተር ከተቀየረ የአዲሱን ቁጥርና ደረሰኙን በሊብሬው ፋይል አስቀምጡ። የተወገደውን ካርቡሬተር ዘይት ቀቡት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ጻፉበትና ካርቶን ውስጥ አኑሩት፤ መኪናው ሲሸጥ ካርቶኑም አብሮ ይሄዳል።