የሞዘል ወይን ጣፋጭ ይሁን ደረቅ፣ ሳይከፈት ማወቅ

በቀደም ጀርመን አገር፣ ሞዘል ወንዝ ዳር ባለችው ኮኸም ከተማ አንድ ወይን አምራች ቤት ገብተን፣ ጠርሙሱ ሳይከፈት ጣፋጭ መሆኑን ተናገርኩ። ተቀዳ፤ ጣፋጭ ነው! በጣም ደስ አለኝ።

ከፍራንክፈርት በባቡር ኮብሌንዝ፣ ከዚያ በሞዘል ወንዝ ዳር ወደ ትሪየር አቅጣጫ ነው ጉዞው። አገሩ ቀዝቃዛ ነው። ወይኑ የሚበስለው ቀን ሙቀት ይዞ በሚቆየው ጥቁር ስስ ድንጋይና በገደሉ ምክንያት ነው። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የሚባለው የወይን ማሳ እስከ 65 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ እዚያ ሥራው በእጅ ነው።

ያስቸገረኝ የጠርሙሱ ጽሑፍ ነው። እኛ አገር አክሱሚት ጣፋጭ፣ ጉደር ደረቅ ነው፤ አለቀ። ሪዝሊንግ የሚባለው የሞዘል ነጭ ወይን ግን ሁለቱንም ይሆናል። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ደረጃዎች የሚነግሩን ፍሬው ሲለቀም የነበረውን ስኳር እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን አይደለም። ስለዚህ ሽፔትሌዘ ደረቅም ሊሆን ይችላል። «ትሮክን» ካለ ደረቅ ነው፤ ስኳሩ በሊትር ቢበዛ 9 ግራም ነው። «ፋይንሄርብ» (ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ለማለት ነው) ግን በሕግ የተቀመጠ ልክ የለውም።

መፍትሔው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የአልኮል መጠን ነው። እርሾ ስኳሩን በልቶ ነው አልኮል የሚያደርገው። መፍላቱ ቀድሞ ከቆመ ስኳሩ ይቀራል፣ አልኮሉም ያንሳል። 8 በመቶ ካያችሁ ጣፋጭ ነው በሉ። 12 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። በኔ እምነት ጀማሪ ሰው የአበባና የፍራፍሬ ሽታ ዝርዝር ከመሸምደዱ በፊት ይህቺን ቁጥር ማየት ይልመድ። እኔ ራሴ ብዙዎች የሚያወሩለት የድንጋይ ሽታ እስካሁን አልመጣልኝም። ኮምጣጣነቱን ግን ለይቻለሁ፤ ጣፋጩን ወይን እንዳይሰለች የሚያደርገው እሱ ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ መከር ላይ ከሄዳችሁ ፌደርቫይሰር አያምልጣችሁ። ገና እየፈላ ያለ ወይን ነው፤ ጉሽ ጠጅ በሉት። ከሽንኩርት ኬክ ጋር ይቀርባል። ከድንች የሚጋገረው ዶፐኩኸንም ግሩም ነው። ሁለቱም ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባ የማትበሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከምግብ ቤት ይልቅ ሽትራውስቪርትሻፍት የሚባሉትን የአምራቾቹን ቤቶች እመርጣለሁ። የራሳቸውን ወይን ነው የሚሸጡት፤ ስለ ጠርሙሱ ስትጠይቁ የሚመልሰው የሠራው ሰው ነው። በዓመት ከ4 ወር በላይ መክፈት ስለማይፈቀድላቸው ሳትደውሉ አትሂዱ።